ያው ሽቦ፣ ያው ማሽን፣ አራት ዓይነት ግራፍ፦ ኒቲኖል ሲጎተት ምን ይሆናል?

ቀጭን_ሽቦ

ሰላም ለሁላችሁ። በመጎተቻ ማሽን የምንፈትነው ሱፐርኢላስቲክ (ብዙ ተለጥጦ ሲለቀቅ የሚመለስ) ኒቲኖል ሽቦ ነው፤ ውፍረቱ 0.5 ሚሜ፣ በአቶም ቁጥር 50.8 በመቶው ኒኬል፣ የቀረው ታይታኒየም። ሻጩ ኤኤፍ (ሽቦው ሲሞቅ ወደ ኦስቴናይት፣ ማለትም ወደ ሙቅ የአቶም አደራደሩ፣ ተለውጦ የሚጨርስበት ሙቀት) 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው ይላል። በሁለቱ መያዣዎች መካከል ያለው ርዝመት 100 ሚሜ ሲሆን እስከ 6 በመቶ ስትሬይን (ከመጀመሪያ ርዝመቱ አንጻር የተለጠጠው) ጎትተን እንለቀዋለን።

መልስ ያጣንላቸው እነዚህ ናቸው። በደቂቃ 1 ሚሜ ስንጎትት ግራፉ 480 ሜጋፓስካል (ጉተታው ለሽቦው የቁራጭ ስፋት ሲካፈል) አካባቢ ደርሶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በደቂቃ 60 ሚሜ ስንጎትት ግን ጠፍጣፋው ጠፍቶ ዳገት ይሆናል። ጠዋት የምንፈትነው ከሰዓት ከምንፈትነው 50 ሜጋፓስካል ያህል ያንሳል፣ ሁለቱም ከአንድ ጥቅል የተቆረጡ ሆነው ሳለ። አንዱን ናሙና ደጋግመን ስንጎትት አምስተኛው ዙር ከመጀመሪያው ዝቅ ይላል። ደግሞ ጠዋት ላይ ስንለቀው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሽቦው ተበላሽቷል ማለት ነው?

ስድስት_ቁጥር

6 በመቶ እኮ ለየትኛውም ብረት ብዙ ነው። ከ0.2 በመቶ ያለፈ ነገር ቋሚ ለውጥ ነው። ናሙናውን ጣሉት፣ በአዲስ ጀምሩ።

ማርቴንሳይት

አትጣሉት። ስድስት ቁጥር ያለው ለፌሮ ትክክል ነው። ፌሮ ከልኩ በላይ ሲጎተት የአቶም ሽፋኖች አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። አቶሙ ጎረቤቱን ይቀይራል፤ ከዚያ ወዲያ የድሮ ቦታውን የሚነግረው ነገር የለም። ኒቲኖል ውስጥ ግን አቶሞቹ ጎረቤታቸውን ሳይለቁ ሁሉም በአንድነት ዘመም ይላሉ። ሲሞቅ ያለው አደራደር ኦስቴናይት ይባላል፣ ኩብ ነው። ሲቀዘቅዝ ያለው ማርቴንሳይት ይባላል፣ የዘመመ ኩብ በሉት። ኩቡ ሊዘምባቸው የሚችሉ 12 አቅጣጫዎች አሉ። ያለ ጭነት ሲቀዘቅዝ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ እየዘመመ ስለሚቻቻሉ ከውጭ ለሚያየው ሽቦው ቅርጹን አይለውጥም። በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ከተጎተተ ለጉተታው የሚመቸው አቅጣጫ የሌሎቹን ቦታ እየወሰደ ይሰፋል፤ ሽቦው ይረዝማል፣ ሲለቀቅም እንደረዘመ ይቀራል። ሲሞቅ ግን ከ12ቱም የሚመለሱበት ኩብ አንድ ብቻ ነው። ቅርጽ ማስታወስ የሚባለው ይኸው ነው።

የእናንተ ሽቦ ከኤኤፍ በላይ ሲሆን ሲጀመርም ኦስቴናይት ነው። ስትጎትቱት ጉተታው ራሱ ማርቴንሳይት ይፈጥራል። ስትለቁት ማርቴንሳይቱ በዚያ ሙቀት መቆም ስለማይችል ወደ ኩቡ ይመለሳል። ጉተታና ቅዝቃዜ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ሁለቱም ወደ ማርቴንሳይት ይገፋሉ። ሙቀት ደግሞ በተቃራኒው። ምንዛሪያቸው ለኒቲኖል በአንድ ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ሜጋፓስካል ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሽቦ 6.5 ይዛችሁ አስሉ። አራቱም ጥያቄዎቻችሁ ከዚህ ቁጥር ብዙም አይርቁም።

የጠዋቱና የከሰዓቱ ልዩነት ቀላሉ ነው። ላቦራቶሪው ማሞቂያ ከሌለውና ጠዋት 12፣ ከሰዓት 20 ዲግሪ ከሆነ፣ 8 በ6.5 ሲባዛ 52 ሜጋፓስካል ይመጣል። ያያችሁት እሱን ነው። ማሽኑ ደህና ነው፣ ሽቦውም ደህና ነው፣ ያልተመዘገበው የክፍሉ ሙቀት ነው።

ጠዋት አለመመለሱም ከዚያው የሚመጣ ነው። 12 ዲግሪ ከኤኤፍ በታች ነው። ስትለቁት የማርቴንሳይቱ ከፊሉ እዚያ ሙቀት ላይ መቆየት ስለሚችል ይቆያል። ጉዳት መሆን አለመሆኑን ለመለየት ናሙናውን ከማሽኑ አውጥታችሁ 50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ርዝመቱን ለኩ። ውሃው ውስጥ የተመለሰው ገና ያልተጠናቀቀ ለውጥ ነበር፤ ያልተመለሰው እውነተኛ ቋሚ ለውጥ ነው። በደንብ የተሠራ ሽቦ ከኤኤፍ በላይ ተፈትኖ ከ6 በመቶ ሲመለስ ከ0.3 በመቶ በታች ቢያስቀር አያሳስብም።

ፍጥነቱን በተመለከተ፦ ወደ ማርቴንሳይት ሲለወጥ ሽቦው ሙቀት ያወጣል፣ ሲመለስ ይወስዳል። ሙሉ ለውጡ በግራም እስከ 20 ጁል ይደርሳል። አንድ ግራም ኒቲኖልን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ግማሽ ጁል ያህል ስለሚበቃ፣ ሙቀቱ የትም ባይወጣ ሽቦው 40 ዲግሪ ሊሞቅ ይችል ነበር። 40 በ6.5 ደግሞ 260 ሜጋፓስካል ነው። አየር ላይ የተወሰነው ስለሚያመልጥ እዚያ ድረስ አይደርስም፤ ዳገቱ ግን ከዚህ የተሠራ ነው። በደቂቃ 60 ሚሜ ስትጎትቱ ሽቦው እየሞቀ ነው፣ እየሞቀ ሲሄድ ደግሞ ለመለወጥ ተጨማሪ ጉተታ ይጠይቃል። ስትለቁት ይቀዘቅዛል፣ የታችኛው መስመር ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በፍጥነት የተጎተተ ሽቦ የሚያሳየው ሰፊ ሂስተሪሲስ (በመጎተቻውና በመልቀቂያው መስመር መካከል ያለው ክፍተት) የቁሱ ብቻ ሳይሆን የሙቀት ማስተላለፍም ውጤት ነው።

የአምስተኛው ዙር መውረድ ግን የተለየ ነው። እዚህ ላይ ስድስት ቁጥር ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ኦስቴናይትና ማርቴንሳይት በሚገናኙበት ድንበር ላይ በየዙሩ ጥቂት ዲስሎኬሽን (የአቶም አደራደር መዛነፍ) ይፈጠራል። እነዚህ ዲስሎኬሽኖች በዙሪያቸው የሚተዉት ውስጣዊ ስትረስ (ውጥረት) ለሚቀጥለው ለውጥ መነሻ ይሆናል፤ ስለዚህ የላይኛው አምባ (ጠፍጣፋውን መስመር አምባ ልበለው፣ ይመስላል) ዝቅ ይላል። የታችኛው አምባ የሚወርደው በትንሹ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እየጠበበ ይሄዳል። ትልቁ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች ይታያል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ከ50 እስከ 100 ዙር ባለው ውስጥ ይረጋጋል። ለዕቃ የሚውል ሽቦ ከሆነ ይህንን ቀድማችሁ ጨርሱት፦ በሥራ ላይ ከሚያየው ስትሬይን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ በሥራ ሙቀቱ ላይ፣ 50 ዙር አሠልጥኑት።

ቀጭን_ሽቦ

እናመሰግናለን። የክፍሉን ሙቀት አልመዘገብንም፣ እውነት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በዝግታ ስንጎትት አምባው ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ጉብታ አለ፤ ኤክስቴንሶሜትሩ (ሽቦው ላይ ተይዞ መለጠጡን የሚለካው) ደግሞ ለረጅም ጊዜ 1 በመቶ ላይ ቆሞ ድንገት ወደ 5 ይዘላል። መሣሪያው ነው?

ግሪፕ_ጠባቂ

መሣሪያው አይደለም። ለውጡ በሽቦው ሙሉ ርዝመት እኩል አይካሄድም። አንድ ቦታ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ መያዣው አጠገብ፣ ይጀምርና እንደ ግንባር እየገፋ ይሄዳል። ከግንባሩ ወዲህ ያለው ሽቦ 5 ወይም 6 በመቶ ተለጥጧል፣ ወዲያ ያለው ገና 1 በመቶ ላይ ነው። የኤክስቴንሶሜትራችሁ ሁለት እግሮች የያዙት አጭር ርዝመት ውስጥ ግንባሩ እስኪገባ ድረስ ምንም አይታይም፤ ሲገባ ይዘላል። ጉብታው ደግሞ ግንባሩን ለመጀመር የሚያስፈልገው ጉልበት፣ ከጀመረ በኋላ ከሚያስፈልገው ስለሚበልጥ ነው።

የሙከራ አሠራራችሁን በኤኤስቲኤም ኤፍ2516 (ሱፐርኢላስቲክ ኒቲኖል የሚጎተትበት የሙከራ ደረጃ) አስተካክሉት፣ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ሙቀቱ 22 ዲግሪ፣ ከሁለት ዲግሪ በላይ ወዲያ ወዲህ ሳይል። እስከ 6 በመቶ ትጎትታላችሁ፣ ከ7 ሜጋፓስካል በታች እስኪወርድ ትለቃላችሁ፣ ከዚያ እስኪበጠስ ትጎትታላችሁ። የላይኛው አምባ የሚነበበው ሲጎተት 3 በመቶ ላይ፣ የታችኛው ሲለቀቅ 2.5 በመቶ ላይ ነው። እነዚህ ሁለት ነጥቦች የተመረጡት ከጉብታውና ከጫፎቹ ርቀው ስለሆነ ነው። «አምባው እዚህ ይመስለኛል» ብሎ በዓይን መምረጥ ቀረ።

ፍጥነት፦ ለ100 ሚሜ ርዝመት በደቂቃ ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሜ ከሆነ አየር ላይ ያለ ቀጭን ሽቦ ሙቀቱን ለማስወጣት ጊዜ ያገኛል። 6 ሚሜ ለመድረስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ ታገሡ። መቸኮል የግድ ከሆነ ናሙናውን ሙቀቱ በተጠበቀ ውሃ ውስጥ አድርጉት፤ ውሃ ሙቀቱን ከአየር እጅግ በተሻለ ይወስዳል።

መያዣው ላይ፦ 480 ሜጋፓስካል ለ0.5 ሚሜ ሽቦ 94 ኒውተን ነው፣ 9.6 ኪሎ የተንጠለጠለበት ያህል። ብዙ አይመስልም፣ ሽቦው ግን ጠንካራና ለስላሳ ስለሆነ በጠፍጣፋ መንጋጋ ሲያዝ ይንሸራተታል። የማሽኑን እንቅስቃሴ ብቻ የምትለኩ ከሆነ ያ መንሸራተት በግራፉ ላይ «ቋሚ ለውጥ» ሆኖ ይነበባል። ሽቦውን ከመንጋጋው በፊት ክብ ከበሮ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥሙት። ከበሮ ከሌለ መንጋጋው ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ወደ ሽቦው አድርጋችሁ ሞክሩ። መያዣው ጥርስ ካለው ሽቦውን ይጫጭረዋል፣ ከጭረቱ ይበጠሳል፣ የተለካው ጥንካሬም የሽቦው ሳይሆን የጭረቱ ይሆናል። ስለታማ እግር ያለው ኤክስቴንሶሜትርም ያንኑ ያደርጋል።

ምድጃ_ዳር

ማርቴንሳይት የጻፈው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኤኤፍ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚቆይ ቁጥር አይደለም። ሽቦውን ቅርጽ ለማስያዝ ምድጃ ውስጥ ባስገባችሁት ቁጥር ይለወጣል፣ የሻጩ 15 ዲግሪም ያን ጊዜ ያበቃል።

ምክንያቱ ኒኬሉ ነው። በአቶም ቁጥር ከ50.5 በመቶ በላይ፣ የአንድ አሥረኛ በመቶ ኒኬል መጨመር የለውጡን ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ያወርዳል። ሽቦው 400 ወይም 450 ዲግሪ ላይ ሲቆይ አራት ኒኬል ለሦስት ታይታኒየም የሆኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይወጣሉ። እነሱ ኒኬሉን ከዙሪያቸው ስለሚወስዱ የቀረው ቁስ ኒኬሉ ይቀንሳል፣ ኤኤፍ ይወጣል። 450 ላይ አንድ ሰዓት የረሳችሁት ሽቦ በክፍል ሙቀት ሱፐርኢላስቲክ መሆኑ ሊቀር ይችላል፤ ታጥፋላችሁት፣ እንደታጠፈ ይቀራል፣ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይዘረጋል። 550ን አልፎ ሲሄድ ደግሞ ቅንጣቶቹ ተመልሰው ይሟሟሉ፣ ኤኤፍ ይወርዳል።

ቅርጽ ለማስያዝ የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። የተሳበ (በቀዝቃዛው ከ30 እስከ 40 በመቶ የቀጠነ) ሽቦ ውሰዱ። ከስቴይንለስ ብረት በተሠራ መያዣ ላይ ጠምጥማችሁ ሁለቱንም ጫፍ በብሎንና በሮንዴላ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ሲሞቅ ቀጥ ለማለት በኃይል ስለሚታገል ያልጠበቀ ጫፍ ያመልጣል። ምድጃው ቀድሞ 500 እስከ 525 ይድረስ። ኬ ዓይነት ቴርሞኮፕል (ሙቀት የሚለካ ጥንድ ሽቦ) በመያዣው ላይ፣ ከሽቦው አጠገብ እሰሩ፤ የምድጃው በር ላይ የሚነበበውን ቁጥር አትመኑ። መያዣው 500 ከደረሰ በኋላ 0.5 ሚሜ ሽቦ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። መያዣው ወፍራም ከሆነ እዚያ ሙቀት ለመድረስ ብቻ 10 ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል ሰዓቱን ከበሩ መዘጋት ሳይሆን ከቴርሞኮፕሉ ቁጠሩ። ከዚያ ከነመያዣው ወዲያው ውሃ ውስጥ። አየር ላይ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ በ450 እና በ400 በኩል ሲያልፍ ቅንጣቶቹ መውጣታቸውን ይቀጥላሉ፣ ኤኤፍ ከናሙና ናሙና ይለያያል።

የጠመዝማዛው ራዲየስ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሽቦ ሲታጠፍ የውጭ ጠርዙ ስትሬይን የሽቦው ውፍረት ለሽቦውና ለዘንጉ ዲያሜትር ድምር ሲካፈል ነው። 0.5 ሚሜ ሽቦ 8 ሚሜ ዘንግ ላይ 5.9 በመቶ ይሆናል፣ ደህና ነው። 4 ሚሜ ዘንግ ላይ 11 በመቶ ነው፤ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ተሰንጥቋል ወይም በዲስሎኬሽን ሞልቷል። ጠባብ ጥምዝ ከፈለጋችሁ በ8 ሚሜ ዘንግ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቁ፣ አቀዝቅዙ፣ ወደ 6 አውርዱ፣ ከዚያ ወደ 4።

ስድስት_ቁጥር

ምድጃ ለሌለው ሰውስ? በጋዝ ፍላም ቀይ እስኪሆን ማሞቅ አይበቃም?

ምድጃ_ዳር

ቀይ ሆኖ ሲታይ ከ600 አልፏል። እዚያ ሲደርስ በመሳቡ ያገኘው ጥንካሬ ይጠፋል፣ ግሬኑ (ቁሱ የተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች) እንደ አዲስ ያድጋል። ቅርጹን ይይዛል፣ አዎ፤ ግን ሲጎተት ለውጡና እውነተኛው መንሸራተት አብረው ስለሚጀምሩ በየዙሩ ጥቂት እያስቀረ ይሄዳል። ለማሳያ ይሆናል እንጂ ለሥራ አይሆንም። በፍላም የሚሠራ ሰው ቢያንስ የኦክሳይዱን ቀለም ይመልከት፦ የገለባ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ሰማያዊው ላይ ያቁም። ቀለሙ ግን በጊዜም በገጽታም ስለሚለዋወጥ ቴርሞሜትር አይሆንም።

ሮቦት_ልጅ

እኔ ሌላኛውን ዓይነት ነው የያዝኩት፣ ሲሞቅ የሚያጥረውን። 0.15 ሚሜ፣ «90 ዲግሪ» ተብሎ የሚሸጠው፣ 200 ሚሜ ርዝመት። አዲስ አበባ ነው ያለሁት። 320 ግራም አንጠልጥዬ የፈላ ውሃ ውስጥ ስከተው በቅጡ አያጥርም። ክብደቱን ሳነሳለት ትንሽ ይሻላል። በኤሌክትሪክ ሳሞቀው ይሠራል፣ ግን 12 ቮልት በቀጥታ ስሰጠው ከጥቂት ዙር በኋላ ረዝሞ ቀረ።

አምፔር

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

የውሃው ችግር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ግድም ነው፣ 100 አይደርስም። «90» የሚለው ስም ለውጡ የሚጀምርበትን ያመለክታል፤ ለመጨረስ ሌላ 10 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ እንኳን ተጭኖ ባዶውንም አይጨርስም። ጭነቱ ሲጨመር ከላይ የተጻፈው ምንዛሪ ይመጣል፦ 320 ግራም 0.15 ሚሜ ሽቦ ላይ 178 ሜጋፓስካል ነው፤ ለ7 ሲካፈል የለውጡን ሙቀት 25 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። ጅማ ወይም ባሕር ዳር ብትወርድ ውሃው ሁለት ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይፈላል፣ ያም አይበቃህም። ውሃውን ተወውና የምግብ ዘይት በቴርሞሜትር እስከ 140 አሙቅ።

የኤሌክትሪኩ ችግር ደግሞ ስሌት ነው። የዚህ ውፍረት ሽቦ በሜትር 55 ኦም ያህል ነው፣ 200 ሚሜው 11 ኦም። ረጋ ባለ አየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ ገደማ ለማሳጠር 410 ሚሊአምፔር ይበቃዋል፦ 4.5 ቮልት፣ 1.85 ዋት። ለምን እንደሚበቃ ከክብደቱ ይታያል። ሽቦው 23 ሚሊግራም ነው። ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 0.9 ጁል፣ ለለውጡ ራሱ 0.46 ጁል፣ በድምሩ 1.4 ጁል ይፈልጋል። 1.85 ዋት ይህንን በ0.75 ሰከንድ ይሰጣል፣ የቀረው ሩብ ሰከንድ ወደ አየር ለሚጠፋው ነው። 12 ቮልት ስትሰጠው ግን 1.1 አምፔር፣ 13 ዋት ሆነ። በአሥረኛ ሰከንድ ሥራውን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሽቦውን ማቃጠል ነው። ጥቂት መቶ ዲግሪ ከደረሰ የተሠለጠነበት ውስጣዊ አደራደር ይፈታል፣ ክብደቱ ይዞት ይረዝማል፣ ያ አይመለስም።

መፍትሔው ቮልቴጁን መቆራረጥ ነው። ባለህ 12 ቮልት 14 በመቶ ዲዩቲ (ከጊዜው 14 በመቶ ብቻ ክፍት) ብትሰጠው አማካዩ ኃይል 1.85 ዋት ይመጣል። ማጠሩን ለማወቅ የሽቦውን ሬዚስታንስ ተከታተል፤ ሲያጥር ይወርዳል፣ መውረዱን ሲያቆም ከረንቱን ቀንስ።

ሲያጥር የሚያቆመው ነገር ካለም ተጠንቀቅ። ጫፉ ተይዞ መንቀሳቀስ ሲያቅተው እያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ 6 ወይም 7 ሜጋፓስካል እየጨመረ ይሄዳል፤ 50 ዲግሪ ብታልፍ ከ300 ሜጋፓስካል በላይ ጨመርክበት። በሽቦውና በዕቃው መካከል ስፕሪንግ አስገባ፣ ዕቃው ሲቆም ስፕሪንጉ ይለጠጥ።

ሮቦት_ልጅ

ሲቀዘቅዝ ራሱ አይረዝምም እንዴ? ክብደቱን ካነሳሁለት በኋላ አጥሮ ነው የሚቀረው።

ማርቴንሳይት

አይረዝምም ማለት ይቻላል። 12ቱ አቅጣጫዎች ይቻቻላሉ ያልኩት እዚህ ነው የሚሠራው፤ የሚጎትተው ከሌለ ቀዝቅዞ ማርቴንሳይት ሲሆን ወደ የትም አይዘነብልም። መላሽ ኃይል ያስፈልገዋል። ለ0.15 ሚሜ 130 ግራም ያህል፣ ማለትም 70 ሜጋፓስካል ግድም የሚስብ ስፕሪንግ ይበቃል። ከዚያ በጣም ከቀነሰ በከፊል ብቻ ይረዝማል፤ ከበዛ ደግሞ ሥራ ላይ ሊውል የሚችለውን ጉልበት ይበላብሃል። 320 ግራም በ8 ሚሜ ማንሳት 0.025 ጁል ነው፤ ከገባው 1.4 ጁል ጋር ስታነጻጽረው 2 በመቶ አይሞላም። ይህ ቁስ የሚመረጠው ቀጭን፣ ቀላልና ድምፅ የለሽ በመሆኑ ነው፤ ለኃይል ቁጠባማ ሞተር ይሻላል።

ግሪፕ_ጠባቂ

ጫፎቹን በሶልደር አትያዛቸው። ላዩ የታይታኒየም ኦክሳይድ ስለሆነ ተራው ፍላክስ (ኦክሳይዱን የሚያነሳው የሶልደር ቅባት) አይይዘውም፣ የያዘ መስሎ ይነቀላል፣ የብየዳው ሙቀትም ጫፉን ያበላሻል። ከስቴይንለስ ጋር መበየድም አይሆንም፤ ብረቱና ታይታኒየሙ ተገናኝተው ተሰባሪ ውህድ ይሠራሉ። ቀጭን የነሐስ ቱቦ ውሰድ፣ ሽቦውን በውስጡ አሳልፈህ እጠፈው፣ ድርብ አድርገህ በፒንሳ ጨፍልቀው። አንድ ንጣይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አብሮ ቢገባ መንሸራተቱ ይቀራል። ቋጠሮ አትሞክር፤ ሲያጥር ይጠብቃል፣ ሲረዝም ይላላል፣ በየዙሩ አንድ ሚሊሜትር ይሰርቅሃል።

የጥርስ_ሽቦ

ከዚህ ጋር ስለሚገናኝ ብቻ፦ ጥርስ ማስተካከያ ላይ ያው ምንዛሪ በየቀኑ ይታያል። መዳብ የተጨመረበት ኒቲኖል ኤኤፉ 27፣ 35 እና 40 ዲግሪ እየተባለ ይሸጣል። 27ቱ አፍ ውስጥ ሁልጊዜ ይገፋል። 40ው የሚሠራው በዋናነት ትኩስ ነገር ሲጠጣ ስለሆነ ለሚያማቸው ሰዎች ይመረጣል። ቀዝቃዛ ውሃ አፍ ውስጥ ሲያዝ ሽቦው ለአፍታ ይለዝባል፤ ክፍተት ውስጥ ለማስገባት የሚቸገር ባለሙያም ሽቦውን ቀድሞ የሚያቀዘቅዘው ለዚሁ ነው። ደግሞ በክፍል ሙቀት በእጅ አጥፎ «ይህ ይጠነክራል፣ ያ ይለዝባል» ማለት ምንም አይነግርም። ከ22 ወደ 37 ዲግሪ ብቻ ወደ 100 ሜጋፓስካል ልዩነት አለ።

ቀጭን_ሽቦ

በ22 ዲግሪ ውሃ ውስጥ፣ በደቂቃ 1 ሚሜ፣ ከበሮ ላይ ጠምጥመን ደገምነው። የጠዋቱና የከሰዓቱ ግራፍ ተደራረበ። አሁን የቀረው ሽቦው ስንት ዙር እንደሚቆይ ነው፤ ለስፕሪንግ ነው የምንፈልገው።

ማርቴንሳይት

በየዙሩ ሙሉውን 6 በመቶ የሚሄድ ከሆነ በሺዎች ብቻ ቁጠሩ። ለሚሊዮኖች የሚሆን ስፕሪንግ ከፈለጋችሁ ለውጡን ሙሉ በሙሉ አትጠቀሙበት፦ ሽቦውን አምባው ላይ አስቀምጣችሁ ከዚያ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን ስትሬይን ከ0.4 በመቶ በታች አድርጉት። ኒቲኖል ላይ ድካም የሚያመጣው ይበልጡን ውዝዋዜው ነው፣ የቆመበት አማካይ ስትሬይን እንደ ሌላ ብረት ያን ያህል አይጎዳውም። ሌላው ገጽታው ነው። የምድጃውን ሰማያዊ ኦክሳይድ በአሲድ ወይም በኤሌክትሮፖሊሽ (ፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ በማለስለስ) አንሱት፤ ስንጥቅ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከላይ ይጀምራል።

ምድጃ_ዳር

በአሲድ ከሆነ የሃይድሮፍሎሪክና የናይትሪክ ድብልቅ ነው የሚጠቀሙት፣ ያ ደግሞ ያለ በቂ መከላከያና ያለ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል (ለአሲዱ ቃጠሎ የሚቀባው) የሚነካ ነገር አይደለም። ለ0.5 ሚሜ ስፕሪንግ ከሆነ በ1200 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በሽቦው ርዝመት አቅጣጫ መሞረድ ይበቃችኋል፤ አግድም ከሞረዳችሁት እያንዳንዱ ጭረት የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።